ከብሎኬቱ የወጣው ጥቁር ውሃ

እሳቱ ከጠፋ 19ኛ ቀኑ ነበር። ፎርማኑ ድሪሉን ከግድግዳው ግርጌ፣ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ ደገነው። ግድግዳው ደረቅ ነው። እኔው ራሴ በመዳፌ ዳብሼዋለሁ። ቀለም ከተቀባም አራት ቀን ሆኖታል። ድሪሉ ልስኑን አልፎ ብሎኬቱን ሲበሳው ድምፁ ተለወጠ፤ ፎርማኑ መልሶ ሲስበው ደግሞ ውሃ ተከትሎት ወጣ። ጥቁር ውሃ። እንደ ቡና አተላ የወፈረ፣ የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት። መጀመሪያ ዘረገፈው፣ ቀጥሎ ቀጠነ፣ ግን አልቆመም።

ሱቁ ምድር ላይ ነው። እሳቱ የተነሳው 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ አንዲት ፍንጣሪ እንኳ አልወደቀችም።

ከኋላዬ የሱቁ ባለቤት ቆመዋል። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ምንም አላሉም። ውሃው ወደ እግራቸው ሲመጣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ይኸው ነው። ያቺ አንድ እርምጃ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ልጽፈው እያሰብኩ ስተወው ቆየሁ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ፣ እንደ ሁላችሁም ስልኬ ላይ አፍጥጬ አመሸሁ። ሰው ሁሉ ነበልባሉን ያያል። እኔ የማስበው የሚረጨውን ውሃ ነበር። ይህ ሁሉ ውሃ ነገ የት ይገኛል? እያልኩ። ሥራዬ መሐንዲስነት ነውና ከዚያ ወዲህ "ሕንፃችን እሳት ነክቶት ነበር፣ መቼ ብንገባ ይሻላል?" ብለው የሚደውሉልኝ ሰዎች በዝተዋል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ይኸው ልጻፈው አልኩ።

ደረቅ ነው ያልኩት እኔ ነኝ

ሕንፃው ባለ 5 ፎቅ ነው፣ መርካቶ ውስጥ። እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መጋዘንና ቢሮ። እሳቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ 3ኛ ፎቅ ካለ የስፖንጅና የፕላስቲክ ዕቃ መጋዘን ተነሳ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲረጭበት አደረ። ጠዋት እኛ ስንደርስ ደረጃው ገና እንደ ፏፏቴ ይወርድ ነበር።

በ8ኛው ቀን የታችኞቹን ሱቆች ዞሬ አየሁ። ወለሉ ታጥቧል። ቤዝመንት የተጠራቀመው ውሃ በፓምፕ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ እዚህም እዚያም ውሃ የወረደበት መስመር ይታያል እንጂ ሌላ ነገር የለም። እትዬ በር ላይ ጠብቀው "ልጄ፣ እኛ መቼ ነው የምንገባው?" አሉኝ።

"እናንተማ ምን ሆናችሁ፣ ጽዳትና ቀለም ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽ ትደርሳላችሁ" አልኳቸው።

ላስደስታቸው ብዬ አይደለም። እውነት መስሎኝ ነው። ሐሳቤ በሙሉ 3ኛ ፎቅ ነበር። የተቃጠለው እዚያ ነው፣ የሚያሰጋው እዚያ ነው፣ የሚለካው፣ የሚደገፈው፣ የሚፈርሰው ሁሉ እዚያ ነው ብዬ የታችኛውን በአንድ ዙር ጉብኝት ጨረስኩት።

እሳቸው ታዲያ ቃሌን ይዘው ሄዱ። ገና ያልደረሳቸውን የእቁብ ዕጣ ከሌላ ሰው ተለማምጠው ወሰዱ። ለበዓል የሚሆን ጨርቅ ገዙበት። የኋለኛዋን ማከማቻ አስቀድመን ቀብተንላቸው ስለነበር ጣቃዎቹን እዚያ ከግድግዳው አስጠግተው ደረደሩ። በ19ኛው ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። "ና እስቲ፣ ይህን ጣቃ አሽትትልኝ።"

አሸተትኩት። የሻገተ እንጀራ ይሸታል። ከሥር ያለው ጣቃ፣ ወለሉን የነካው ጠርዙ ላይ፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጀምሮታል። እርጥበት ካገኘ ሻጋታ ለመነሳት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ግድግዳው ደረቅ ነው ብዬ ከደመደምኩ በኋላ ያወቅሁት ነገር ምን ይጠቅመኛል?

የእኛን ብሎኬት ታውቁታላችሁ፣ ሆዱ ባዶ ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደር ባዶዎቹ ይገጣጠማሉ። ስለዚህ ግድግዳ የምንለው ነገር ጎን ለጎን የቆመ የጣሳ መዓት ነው። ፎቁም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው፤ ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት ወለል፣ ቀጫጭን አግዳሚዎች አሉት፣ በመካከላቸው ብሎኬት ይገባል። አሁን ውሃውን አስቡት። አንድ የእሳት አደጋ ቱቦ በደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ይለቃል። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል። ብዙ ቱቦ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ስንት ቶን እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ከእሱ ጥቂቱ ተኖ ይሄዳል፣ ሌላው በደረጃ ይወርዳል፤ የቀረው ግን በመብራት ቱቦው፣ በፍሳሽ መስመሩ ዙሪያ፣ ሶሌታና ግድግዳ በሚገናኙበት ስንጥቅ እየሾለከ ብሎኬቱ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ልስኑ ከውጭ ይደርቃል። በላዩ ቀለም ስትቀቡበት ደግሞ ያቺኑ የመውጫ በሩን ዘጋችሁበት ማለት ነው።

እሳት እየጮኸ ይመጣል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ያን ቀን እስኪመሽ ስንበሳ ዋልን። በዚያች ማከማቻ የጀርባ ግድግዳ ብቻ በየ20 ሳንቲሙ አንድ ቀዳዳ። ከአንዳንዱ ጠብ ጠብ አለ። ከአንዳንዱ ግማሽ ባልዲ ወጣ። ፎርማኑ በሙያው 30 ዓመት ያለፈው ሰው ነው፣ አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ "ኢንጂነር፣ እኛ የቀባነው ግድግዳ ሳይሆን ሮቶ ነው" አለኝ።

ለተበላሹት ጣቃዎች ልክፈልዎት ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው። እምቢ አሉ። "ተወው። ሌላ ጊዜ ግን ሳትበሳ አትናገር።"

እሳት ካየው ምን ለየው?

ስለ 3ኛ ፎቅ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ልክ አይሆንም። የሕንፃው ባለቤት በመጀመሪያው ቀን የተረቱት ይህንን ነው፤ "እሳት ካየው ምን ለየው፣ በቃ ይፈርሳል በለኝ" ብለው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ኪራዩ ቆሞ የባንክ ዕዳው ሲመጣ ግን ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ። "ቆሟል አይደል እንዴ? ለስናችሁ ቀቡት" አሉን። በጭንቀት ያለ ሰው ነው፣ አልፈረድኩባቸውም። የእኔ ሥራ ግን ከሁለቱ ጫፎች መሀል ነው ያለው። እሳት ካየው ውስጥ የትኛው እንደተጎዳ፣ የትኛው እንደተረፈ ኮለን በኮለን፣ ምሰሶ በምሰሶ መለየት።

እዚያ ፎቅ ላይ አስቸጋሪው ነገር ጠቀርሻው ነው። ሁሉን አንድ ያስመስለዋል። መሀል ላይ ያለውና መስኮት ጋ ያለው ኮለን እኩል ከሰል መስለዋል። ልስኑን አራግፈን ፎርማኑ በመዶሻ እየመታ ሄደ፣ እኔ እየሰማሁ ተከተልኩት። መስኮት ጋ ያለው ጠንካራ፣ የሚጮህ ድምፅ ሰጠ። ጥላሸቱን ሲጠርገው ከሥሩ ጤነኛ ኮንክሪት ወጣ። መሀል ያለው ዱብ ዱብ አለ። ነካ ሳደርገው ሦስት ጣት ያህል ገብቶ በእጄ ፈረፈረ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከ10 ሜትር አይበልጥም።

ኮንክሪት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቀለሙ ወደ ሮዝ ሊያደላ ይችላል። ወደ 600 ሲጠጋ ወደ ግራጫ ይመለሳል፣ ያኔ ጥንካሬው አብዛኛው ሄዷል። መጽሐፍ ላይ ያለው ይህ ነው። በእኛ ጥቁር ድንጋይ ጠጠር ግን ሮዙ ሁልጊዜ ጎልቶ አይወጣም። ስለዚህ "ሮዝ አላየሁም፣ ደህና ነው" የሚል መሐንዲስ ካጋጠማችሁ ኮር፣ ማለትም ከኮንክሪቱ በማሽን የሚወጣ ናሙና፣ ተቆርጦ ላብራቶሪ ይግባ በሉት። ፌሮው፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ሌላ ጠባይ አለው። ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ ጉልበቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ብዙውን ይመልሳል። ኮንክሪት የጣለውን አይመልስም።

ከሁሉ የባሰው ራስጌያችን ነበር። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የ4ኛው ፎቅ ሶሌታ ከሥሩ ተቀቅሏል። የብሎኬቶቹ ሆድ ተገንጥሎ ወድቆ ፌሮው ወጥቷል። ከቤዝመንት ጀምሮ በየፎቁ ፑንቴሎ፣ ጊዜያዊ ድጋፍ፣ አቆምን። 7 ኮለኖች ዙሪያቸውን ተፈልጠው አዲስ ፌሮና ኮንክሪት ለበሱ። የሶሌታው አንድ ክፍል ፈርሶ እንደ አዲስ ተሞላ። የቀረው ታጥቦ ተለሰነ። ማለትም አብዛኛው ተረፈ።

በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ሁለት የአሜሪካ ሕንፃዎችን ታሪክ ደጋግሜ አነብ ነበር። አንዱ ሎስ አንጀለስ ያለው ባለ 62 ፎቁ፣ ያኔ ፈርስት ኢንተርስቴት ይባል የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አራት ፎቁ ሙሉ በሙሉ፣ አምስተኛው በከፊል ተቃጠለ። ተጠግኖ ዛሬም ሰው ይሠራበታል። ሌላው ፊላደልፊያ የነበረው ባለ 38 ፎቁ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ተቃጥሎ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱበት። ያ ሕንፃ ዳግም አልተከፈተም፤ ለዓመታት ባዶውን ቆሞ በ1999 ፈርሶ አለቀ። በማግስቱ ከመንገድ ላይ ላያቸው ሰው ግን ሁለቱም ቆመው ነበር። "ቆሟል አይደል እንዴ?" ሲሉኝ እነሱ ነበሩ ትዝ ያሉኝ።

ከፊላደልፊያው ታሪክ አንድ ነገር ደግሞ አለ። እሳቱ ከ22ኛ ፎቅ ተነስቶ ፎቅ በፎቅ እየወጣ 30ኛ ላይ ነው የቆመው። ያቆሙት እዚያ ፎቅ ላይ የነበሩ፣ ሙቀት ሲነካቸው በራሳቸው ውሃ የሚረጩ 10 የጣሪያ ስፕሪንክለሮች ናቸው። አሥር ብቻ! እኛ ሕንፃ ላይ አንድም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ የእትዬ ግድግዳ ያን ያህል ባልጠጣም ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ስፕሪንክለር የሚረጨው እሳቱ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነዋ፣ ያውም ገና ትንሽ ሳለ።

ስለ ጠቀርሻው አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፕላስቲክ፣ በተለይ የቧንቧና የገመድ ፕላስቲክ ሲቃጠል ጭሱ አሲድ አለበት። 2ኛ ፎቅ እሳት አልደረሰም፣ ጭስ ብቻ ነው የገባው። በሳምንቱ የብረት በሮቹ ሁሉ ዝገዋል። እኛ ከመድረሳችን በፊት የቀን ሠራተኞች በእርጥብ ጨርቅ ግድግዳውን ፈትገውት ነበር። ያ ጥላሸት ተፈትጎ ልስኑ ውስጥ ገባ። ከዚያ ሦስት እጅ ቀለም ቀብተንበት እንኳ ቡናማ ሆኖ ተመልሶ ወጣ፣ ሽታውም አልለቅ አለ። መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚጠረገው፣ በብሩሽና በቫኪዩም። ውሃ ከዚያ በኋላ ነው። የመብራቱን ነገር ረጅም አላደርገውም፤ ውሃ የገባበት ቆጣሪ ሳጥን ደርቆ ቢታያችሁም ማብሪያውን እንዳትነኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት

ውሃው በወጣ በማግስቱ የታችኞቹን ተከራዮች ሕንፃው በር ላይ ሰብስቤ ነገርኳቸው። እንቁጣጣሽ አይታሰብም አልኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። አንድ የልጆች ልብስ የሚሸጥ ወጣት ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። የመርካቶ ነጋዴ ጳጉሜን የሚያገኘው ነገር ዓመቱን ሙሉ ምን እንደሚሸከምለት የማያውቅ የለም። "ቀብታችሁ አስገቡን፣ ከበዓሉ በኋላ ብትፈልጉ አፍርሱት" አለ። ብዙዎቹ በጭንቅላታቸው ተስማሙ።

የዚያን ጊዜ ነው እትዬ ከኋላ ሆነው የተናገሩት። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ ታጥቄ አይቼዋለሁ።" ከዚያ ያቺን የሻገተች ጣቃ ከፌስታል አውጥተው ለልጁ ሰጡት። ልጁ አሸተታትና ለጎረቤቱ አቀበላት። ጣቃዋ እየተቀባበለች እስከ መጨረሻው ሰው ሄደች። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እንቁጣጣሽ አላነሳም።

ለምን ቀድመው አልተቆጡኝም እያልኩ አስባለሁ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ፊት ሊያሳጡኝ ይችሉ ነበር። "ይኼው ልጅ ነው ግቢ ያለኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። አላሉም። ይልቅ ከኪሳራቸው የቀረችውን ማስረጃ ለእኔ ሥራ አዋሏት። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የገባኝ ነገር፣ ሰዎቹ የሚያጡት ትዕግስት ሳይሆን የሚያምኑት ነገር መሆኑ ነው። ቀን ስሰጣቸው ቀኑን አመኑ። ጣቃዋን ሲያሸቱ ጣቃዋን አመኑ።

ከዚያ ማድረቅ ተጀመረ። ልስኑን ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ድረስ አነሳነው። ሴራሚኩንና ሊሾውን ፈለጥን። የረጠበውን ችፑድ፣ ኮርኒሱን፣ ጀሶውን ሁሉ ጣልን። ማድረቅ ሲባል መስኮት መክፈት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በነሐሴ አዲስ አበባ ግን አየሩ ራሱ የረጠበ ነው። ጠዋት ጉም እያለ መስኮት ከከፈታችሁ እርጥበት እያስገባችሁ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ብቅ ስትል እንከፍታለን፣ ሲያጉረመርም እንዘጋለን፣ ሌሊት ቬንትሌተር ይሽከረከራል። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ያገኘነው ሁለት ብቻ ነበር፣ በየሱቁ በተራ አዞርናቸው።

አንድ ማታ ደግሞ ከሱቆቹ በአንዱ ሦስት ማንደጃ ከሰል ተቀጣጥሎ የብረት በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ግድግዳውን ቶሎ ለማድረቅ ነው። ልጁ ውስጥ ሊያድር ነበር! እባካችሁ ይህን ማንም አያድርግ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው ተኝቶ እንዳለ ይገድላል።

መድረቁን የምናየው በላስቲክ ነበር። ቀላል ነገር ነው፣ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ላስቲክ ወለሉ ላይ ትዘረጋላችሁ፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጥብቃችሁ ትለጥፋላችሁ። ያድራል። ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካያችሁ፣ ወይም ወለሉ ከዙሪያው ጠቁሮ ከታየ፣ ገና ነው። እትዬ ይህን ካሳየኋቸው ጀምሮ ላስቲኩን የሚለጥፉት እሳቸው ሆኑ። ጠዋት ሥራ ስገባ "ዛሬም አልቦታል" ይሉኛል። አንዳንድ ቀን በስልክ። "አልቦታል። ግን እንደ ትናንቱ አይደለም።"

እንቁጣጣሽ አለፈ። መስቀል አለፈ። ጥቅምት ላይ ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ሥራው በአንድ ጊዜ ቀለለ። ከዚያ አንድ ማለዳ ደውለው "ና እይ" ብቻ ብለው ዘጉት። ስደርስ በርከክ ብለው ነበር። ላስቲኩ ሥር ምንም የለም። በጣታቸው ከላይ ቀስ ብለው ጠረጉት፣ ልክ የሕፃን ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ሦስት ሌሊት ደገምነው። ሦስቱንም ጊዜ ደረቅ ነበር።

ኅዳር ውስጥ ሱቃቸውን ከፈቱ። ከመክፈታቸው በፊት ግንበኛው ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ሊደፍን መጣ። ሁሉንም አስደፈኑት፣ አንዷን ሲቀር። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችውን። "ይቺን ተዋት" አሉት። ግንበኛው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ተዋት አልኩት።

መርካቶ ስሄድ ዛሬም ጎራ እላለሁ። ቡና ይባላል፣ ይወራል። ከመሄዴ በፊት እትዬ ከታች ያለውን ጣቃ በእግራቸው ገፋ ያደርጉልኛል። እኔም በርከክ ብዬ ጣቴን ቀዳዳዋ ውስጥ እሰዳለሁ። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ አደረግን። ጣቴ ላይ የወጣው ነጭ አቧራ ነው።